በጉንጭ የሚለካ እርጥበት

በየማለዳው ጸሎቴን ስጀምር ከሁሉ አስቀድሜ ለማነሣሽ ልጄ፤

የሰላም ባለቤት ሰላሙን ከደጅሽ አያርቅ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽን ያምሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደኅና ነኝ» ብለሽ አፋችንን ዘግተሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ያ ገና ጥርስ ሳያበቅል ቤቱን በሙሉ ማዘዝ የጀመረው ሹማችን እንዴት ነው? ደረቱ ላይ አለ ያልሽኝ ፉጨት ቀለለለት? እኔ በእርሱ ቸርነት አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላ የሚከሰኝ የለም፤ ዐይኔም መነጽር ካገኘ ያነባል። እናትሽም አለች። ስለ እናትሽ ከታች እጽፍልሻለሁ፤ ይኸውም ስለ ሻጋታው በምጽፍበት ቦታ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የወሊድ ፈቃድሽ ሲያልቅ ሕፃኑን እናትሽ ዘንድ ልታቆዪው አስበሻል። ሐኪሙ ግን ደረቱ እስኪጠና ድረስ ሻጋታ ባለበት ቤት እንዳያድር አስጠንቅቆሻል። «አባዬ፣ የልጅነት ክፍሌ ግድግዳ ይሻግት ነበር፤ ቤቱ አሁን ደረቅ ነው ወይ? እርግጡን ንገረኝ» ብለሻል። «እርግጡን» ከሚለው ቃል ሥር አስምረሻል። ያቺን መስመር ባየኋት ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

በስልክ ያልመለስኩልሽ ስልኩ ያለው እናትሽ ከምትቀመጥበት ሶፋ አጠገብ ስለሆነ ነው። ደግሞም በስልክ የሚበዛው ሰላምታ ነው። ሰላምታ አፍ ያጠናው ነገር ስለሆነ ልብ ሌላ ቦታ ቢውልም ራሱን ችሎ ይሄዳል። «ደኅና ነሽ? ልጅሽ ደኅና ነው? በርቺ እሺ» ይባላል፤ ይዘጋል። ስለዚህ በስልክ የሰማሽውን ሁሉ እርግጥ ነው ብለሽ አትያዢው።

እንደምታውቂው ያረጀሁት ከሻጋታ ጋር ባላንጣ ሆኜ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ የብራና መጻሕፍቱንና የአገልግሎት አልባሳቱን ከእርሱ መጠበቅ ከጸሎት ቀጥሎ ያለ ተግባሬ ነበር። መጽሐፍ ከግድግዳ ጋር አይጠጋም። ካባ እርጥበት ሳለበት አይታጠፍም። ሰማይ በከበደበት ቀን ሣጥን አይከፈትም፤ ፀሐይ በወጣ ዕለት ደግሞ ሁሉም ይወጣል፣ ባለ ቀለሙ ጨርቅና ብራናው ግን በጥላ ይናፈሳል። ይህን ሁሉ ከመምህራን የተማርኩት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያስተማረችኝ እናትሽ ናት። አልባሳቱን የምታጥበውና የምትጠግነው እርሷ ነበረችና።

አንድም ጨርቅ ጉንጯ ላይ ሳታስጠጋ አጥፋ አታውቅም። በሥራ የደነደነ እጅ ቅዝቃዜን ከእርጥበት አይለይም ትል ነበር፤ ጉንጭ ግን ወዲያው ያውቃል። አንድ ጊዜ አለቃው አይተዋት፣ ይህቺ ሴት ካባውን ከእኛ አብልጣ ትስመዋለች ብለው ቢቀልዱባት፣ «እኔ ባልስመው ኖሮ እርስዎ ለብሰው የሚወጡት ሻጋታ ነበር» አለቻቸው። ካህናቱ ሳቃቸውን መደበቂያ አጥተው ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንቺም የትምህርት ቤት ሸሚዝሽን ከገመድ ላይ አውርደሽ ልትለብሺ ስትጣደፊ ከእጅሽ ነጥቃ ጉንጯ ላይ ታስጠጋና «ገና ነው፣ መልሺው» ትልሽ ነበር። በዚህ ምክንያት ስንት ቀን አልቅሰሽ እንደ ሄድሽ ታስታውሻለሽ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ በቤታችን የታፈነ ሽታ ተሰማኝ። ቁም ሣጥኑን ሳብ አድርጌ ከኋላው ባይ ግድግዳው ጥቁርና አረንጓዴ ነጠብጣብ አውጥቷል። የጥቁሩ ካፖርቴ አንገትጌ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሏል፤ የሶፋው ጀርባም እንዲሁ። እኔም የማውቀውን አደረግሁ። ቁም ሣጥኑን አየር እንዲያገኝ ከግድግዳው አራቅሁት። ልብሱን ሁሉ ደጅ አውጥቼ አራገፍኩት፤ ዱቄቱ ቤት ውስጥ እንዳይበተን ነው። ፍራሹን ፀሐይ አስመታሁት። የቁም ሣጥኑን መደርደሪያዎች በኮምጣጤ ወልውዬ በደረቅ ጨርቅ ደገምኳቸው፤ እርጥበት እንዲጠጣ ከሰል በሳሕን አድርጌ በየጥጉ አኖርኩ።

ለግድግዳው ኃይል ይጨምርልኛል ብዬ በረኪናና ኮምጣጤ በአንድ ባልዲ ልደባልቅ ስል ጎረቤታችን ደረሰችብኝ፤ ጡረታ የወጣችው ነርስ፣ ሲስተር የምንላት። ከበሩ ላይ ሆና ጮኸችብኝ። «አባባ፣ ሻጋታውን ነው ወይስ ራስዎን ነው የሚገድሉት? የሁለቱ ጢስ ሳንባ ያቃጥላል! የቤተ ክርስቲያን ሰው አይደሉ እንዴ? የማይጋቡትን አያጋቡ!» አለችኝ። እናትሽ ከሶፋው ላይ ሆና እንባዋ እስኪወጣ ሳቀች። ያን ሳቋን ስሰማ ሻጋታውን ለጊዜው ረሳሁት።

ነገር ግን ተመለሰ። አጠብኩት፣ ደረቀ፣ ተመለሰ። እርጥበት ምንጭ ሳይኖረው አይመለስምና የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ልጁ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ልስኑን በጥቂቱ ፋቀ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አሸንዳውን አየ። ከዚያ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ «አባቴ፣ ግድግዳው ምንም አልበደለም፤ ቧንቧውም ጣሪያውም ደኅና ነው። ውኃው ከውጭ አይደለም የሚመጣው፤ እዚሁ እናንተ ጋ ነው የሚፈጠረው» አለኝ። እናትሽም፣ «ጉድ ነው! ቧንቧ ይጠግናል ብለን ብንጠራው ስለ ሥነ ፍጥረት አስተማረን» አለች። ልጁ እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ቃሉ ውስጤ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን እንደ ዕቃ ቤት እጠብቅ ጀመር።

መጀመሪያ ያገኘሁት እንፋሎቱን ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መስኮቶቹ ሁሉ በላብ ተጠምቀው አየሁ። ወደ ወጥ ቤት ብገባ ማንቆርቆሪያው ውኃውን ጨርሶ ቂጡ ቀልቷል፤ ምድጃው ይነዳል። እናትሽ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ለሕፃኑ ሹራብ ትሠራለች። ሻይ ልታፈዪ ነበር እንዴ ብላት ቀና ብላ አየችኝና፣ «እኔ? አንተ አይደለህ የጣድከው!» አለችኝ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ቤት አልነበርኩም። ይህን ለእርሷ አልነገርኳትም፤ ለአንቺ ግን የምነግርሽ እንፋሎት የቤት እርጥበት ዋና ምንጭ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ መስኮቶቹ ናቸው። እኔ አየር ይግባ ብዬ እከፍታለሁ፤ ዞር ብዬ ስመለስ ተዘግተዋል። አንድ ቀን ስትዘጋ ደረስኩባትና ለምን እንደምትዘጋ ጠየቅኋት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! ሕፃኑ ተኝቷል፣ ንፋስ ይመታዋል» አለችኝ። ሕፃኑ ገና አልመጣም እኮ አልኳት። ፈገግ ብላ፣ «አውቃለሁ፤ ቤቱን ሳላለማምድ ልቀበለው ኖሯል?» አለችኝ። መልሷ እንደ ወትሮው ፈጣን ስለሆነ ተቀበልኩት። መቀበል ፈልጌ ነበር። እውነትም መልካም መልስ ነበር።

የመጨረሻውን ያገኘሁት በአንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ ነው። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ሸሚዞቼ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሞ ተደርድረዋል። አስተጣጠፏ ያው ነው፤ ዐይን የሚያሳርፍ ነው። ከታችኛው መደርደሪያ ግን ውኃ ይንጠባጠባል። እጄን ብሰድድ ሸሚዞቹ ከሳፋ የወጡ እንጂ ገመድ ያላዩ ናቸው። ከሥራቸው ደግሞ ያለፈው እጥበት ታጥፎ ሻግቷል፤ ከእርሱም ሥር ሌላ አለ። በዚያው ቅጽበት እናትሽ ሌላ ሸሚዝ ይዛ ከኋላዬ መጣች። እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። ሸሚዙን ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፤ ዐይኗን ጨፈነች፤ እንደ ዱሮዋ ጥቂት ቆየች። «ደርቋል» አለችኝ። ውኃው ከጉንጯ ወደ አንገቷ ይወርድ ነበር።

ልጄ፣ እርጥበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። እርግጡን ንገረኝ ብለሽኛልና እርግጡ ይህ ነው።

እኔ ላስቀምጠው ብዬ ተቀበልኳት፤ ወደ ክፍሏ ስትገባ ሁሉንም አውጥቼ ሰቀልኩት። ከዚያ ወዲህ በየዕለቱ እንዲሁ አደርጋለሁ። እርሷ ታጥፋለች፤ እኔ እፈታለሁ፣ አሰጣለሁ፣ መልሼ አጥፋለሁ። የእኔ አስተጣጠፍ እንደ እርሷ ስለማይሆን እንዳታውቅብኝ እጨነቃለሁ። ከማስገባቴ በፊትም ጉንጬ ላይ አስጠጋዋለሁ። ጉንጬ ግን እንደ እርሷ አልሠለጠነም፤ ደርቋል ብዬ ያስጠጋሁት ጨርቅ አንዳንድ ጊዜ ረጥቦ ይመለስብኛል።

ከሁሉ የከበደኝን እንግዲህ ልጻፍ። ሲስተር ልትጠይቀን በመጣች ጊዜ እናትሽ ለሕፃኑ የሠራችውን ልታሳያት በደስታ ተነሣች። በአንቺ ክፍል ያለውን መሳቢያ ሳበችው። ነጭ ሹራብ፣ ኮፍያ፣ የእግር ሹራብ፣ ሁሉም በሥርዓት ታጥፏል። ሹራቡን ስትዘረጋው ከውስጡ የዳቦ ቁራሽ ወደቀ። አረንጓዴ ሆኗል፤ ጠጉር አብቅሏል፤ ሹራቡንም አበላሽቶታል። ሦስታችንም እርሱን እያየን ቆምን። ሲስተር ቶሎ ብላ፣ «እነዚህ አይጦች ደግሞ የማይወስዱት የለ! የእኔንም መሳቢያ እንዲሁ አድርገውብኛል» አለች። እግዚአብሔር ለዚያ ቃሏ ዋጋዋን ይክፈላት። ቤታችን ግን አይጥ የለበትም፤ እናትሽም ይህን ታውቃለች።

ሲስተር ከሄደች በኋላ እናትሽ ከአልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሹራቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የሻገተውን ቦታ በአውራ ጣቷ ታሻሸው ጀመር፤ ሲታሽ እንደሚሰፋ እያወቀች። «እኔ ነኝ አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እርሷም እጄን ይዛ፣ «ለልጄ እንዳትነግራት። ሕፃኑን ትከለክለኛለች» አለችኝ። ማልልኝ አለች። መሐላ እንደማልወድ ታውቃለችና በመጨረሻ «እሺ» የሚለውን ቃሌን ተቀበለች።

ስለዚህ ልጄ፣ ስለ ሻጋታ እንጂ ስለ ሌላ አንዳች ነገር አልጻፍኩልሽም። ደብዳቤውን ከላይ ጀምረሽ ደግመሽ ብታነቢው ቃሌን እንደ ጠበቅሁ ትመሰክሪልኛለሽ።

በጥንቱ ሕግ ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈውን ታስታውሺ ይሆን? ልጅ ሳለሽ ባነበብኩልሽ ጊዜ፣ «ቤትም ይታመማል እንዴ?» ብለሽ ስቀሽ ነበር። በግድግዳው ላይ እንዲህ ያለ ነጠብጣብ ያየ ባለቤት ወደ ካህኑ ሲሄድ ደዌ አለ ብሎ አይፈርድም፤ ደዌ የመሰለ ነገር አየሁ ይላል እንጂ። ካህኑም አይቸኩልም። ቤቱን ዘግቶ ይቆያል፣ ተመልሶም ያያል። እኔን ይበልጥ የሚያጽናናኝ ግን ካህኑ ሊያይ ከመግባቱ አስቀድሞ በቤቱ ያለው ሁሉ እንዲወጣ መታዘዙ ነው፤ አብሮ እንዳይረክስ፣ ንጹሑ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር። በፍርዱ መካከል ይህን ያህል ርኅራኄ አለ።

እኔም እንደዚያ ባለቤት ሆኜ ወደ አንቺ መጥቻለሁ። በቤቴ ደዌ የመሰለ ነገር አየሁ። ዘግቼ ቆየሁ። ተመልሼ አየሁ። ሰፍቷል።

ስለዚህ ሕፃኑን እኛ ዘንድ ትተሽው አትሂጂ። ይህን ለመጻፍ ብዕሬን ስንት ጊዜ እንዳነሣሁና እንደ መለስኩ እግዚአብሔር ያውቃል፤ የእናትሽ ተስፋ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና። እርሷን ስታናግሪ ምክንያቱ ሻጋታው ነው በያት፤ ሐኪሙ ከልክሎኛል በያት። እውነት ስለሆነ ኀጢአት የለበትም። ለሕፃኑ ሌላ ሰው እስክታገኚ ከሥራሽ ጥቂት ጊዜ ለምኚ። ምድጃውን፣ መስኮቱንና ቁም ሣጥኑን እኔ እጠብቃለሁ፤ ነገር ግን አንድ ሰው ነኝ፤ የተኛ ሕፃን ደግሞ እንደ ሸሚዝ ተመልሶ አይሰጣም።

ነገር ግን ነዪ። ፈቃድሽ ሳያልቅ፣ እርሱንም ይዘሽው ነዪ። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል ለእናንተ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ከጥዋት ጀምሮ ፀሐይ ስለሚገባበት ከቤቱ ሁሉ ደረቁ እርሱ ነው። አልጋውን ከግድግዳው አርቄዋለሁ። አንሶላውን ራሴ አጥቤ ፀሐይ አስመትቼዋለሁ፤ ሲስተርም በጉንጯ መርምራ አጽድቃልኛለች፤ በእኔ ጉንጭ ብቻ አልተማመንኩም። አንቺ አጠገቧ እያለሽ ልጁን ትቀፈው፤ ትጠበው፤ ታስተኛው። ከዚያ የሚበልጥ መድኃኒት እኔ አላውቅም።

ስትመጪም ወደ ሐኪም ይዘናት እንሂድ። ሳል አለባት፤ ሻጋታው ሳያመጣባት አልቀረምና ለዚያ ነው ብለን እንሄዳለን። ሲስተር የምታውቀውን አንድ ሐኪም ነግራኛለች። የደረት ሐኪም አይደለም። እኔ አልጠየቅኋትም፤ እርሷም አላብራራችልኝም።

ይህን ስጽፍ እናትሽ ወደ ጠረጴዛው መጥታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ለልጃችን አልኳት። ደስ ብሏት «ሰላም በልልኝ፤ ሹራቡን ልጨርስ ትንሽ ነው የቀረኝ በላት» አለችኝ። እነሆ ሰላምታዋ። ወረቀቱን ከማጠፌ በፊት እንደገና መጥታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ እንደገና ነገርኳት፤ እንደገና ደስ አላት። ስለዚህ ሁለት ሰላምታ ደርሶሻል ብለሽ ያዢው።

አሁን አንዲት ነገር ልለምንሽና ላብቃ። የደረስሽ ዕለት እንደ ልማድሽ ዘልለሽ አትቀፊያት። የቤታችን በር ወደ ፀሐይ የሚያይ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ፤ ከውጭ የገባ ሰው ብርሃኑ ከኋላው ስለሚሆን ፊቱ አይለይም። በእርጅናም ዐይን ይደክማል። ስለዚህ ከደፉ ላይ ቆመሽ አስቀድመሽ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅሽ» በያት። ከዚያ ቅረቢና ጉንጭሽን ከጉንጯ ጋር አስጠጊው፤ ፈጥነሽ አታንሺው፤ ዐይኗን ጨፍና እስክትወስን ድረስ ጠብቂያት። ጨርቅ ቢያሳስታት ልጇ እንዳያሳስታት ሌት ተቀን እየለመንኩ ነው።

ከማኅፀን ጀምሮ የጠበቀሽ አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ የሕፃኑን ደረት ያጽናለት፤ ቤትሽን ከእርጥበትም ከኀዘንም ይሰውረው፤ እናትሽ ስምሽን ስትጠራ የምትሰሚበትን ዘመን ያርዝምልሽ። አሜን።

በጉንጩ መመርመርን በስተእርጅና የሚማረው
አባትሽ